ልጄ መድኃኒቱን ሳይቀምሰው አስተማሪዋ "ልዩነቱ ይታያል" አለችኝ

ደብዳቤው

ሰላም እህቴ እንዴት ከረምሽ። ጽሑፎችሽን ሁሌ ነው የማነበው፣ እኔም አንድ ቀን እጽፍልሻለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ የምንኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትልቁ ልጄ ባለፈው ኦገስት የመጨረሻው ሳምንት ላይ 6 ዓመት ሞላው፣ አንደኛ ክፍል ነው። ትንሿ 2 ዓመቷ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ኡበር ይሠራል፣ እኔ ደሞ በጠዋት ነርሲንግ ሆም እገባለሁ፣ አራታችንም አንድ ላይ ቁጭ ብለን የምንበላው እሑድ ብቻ ነው።

ልጄ ተጫዋች ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሰው ይወዳል። አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ ግን አይሆንለትም። ኪንደርጋርተን እያለ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ኢሜል ይመጣል። ምንጣፍ ላይ አልቀመጥ አለ፣ ተራውን አልጠብቅ አለ፣ የጓደኛውን እርሳስ ነጠቀ፣ ስንጠራው አይሰማም ምናምን። ዘንድሮ ብሶ አስተማሪዋ አስጠራችኝና "ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር፣ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቢያየው" አለችኝ። ወሰድኩት። እሷ የሞላችው ፎርም ከኛ ቀድሞ ደርሷል። ለኔም ፎርም ተሰጠኝ፣ ከ50 በላይ ጥያቄ ነው፣ ትንሿ እያለቀሰችብኝ እዛው መጠበቂያው ላይ ሞላሁት። ግማሹ በደንብ አልገባኝም፣ እውነቱን ልንገርሽ የልጄን ስም የሚያጠፋ የመሰለኝ ጥያቄ ላይ ሁሉ "በጭራሽ" የሚለውን ነው ያከበብኩት። ዶክተሩ ሩብ ሰዓት ያህል አናገረንና ኤዲኤችዲ ነው ብሎ ሪታሊን የሚባል መድኃኒት አዘዘለት።

ባለቤቴ ሲሰማ አበደ። "ልጄን ዕፅ አታስለምጂብኝ፣ እኔም በልጅነቴ እንደሱ ነበርኩ፣ አባቴ በአለንጋ አስተካክሎኛል" አለኝ። እናቴ ከደሴ ደውላ "ምን ሐኪም ያስኬድሻል፣ ጸበል ውሰጂው" ትለኛለች። ሥራ ቦታ ያለች ጓደኛዬ ደሞ "እንቢ ካልሽ እናትየው ልጁን አላሳክም አለች ብለው ይወስዱብሻል" ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። እኔ መሃል ቀረሁ። መድኃኒቱን ከፋርማሲ አምጥቼ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ልብስ ስር ደበቅኩት። አንድም ቀን አልሰጠሁትም። ባለቤቴም እቤት መኖሩን አያውቅም።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም። አስተማሪዋ "ጀመረ?" ብላ ስትጠይቀኝ አፌ ላይ እንደመጣ "አዎ ሰኞ ጀመረ" አልኳት። አርብ ዕለት ኢሜል ላከችልኝ፣ "ግሩም ሳምንት ነበር፣ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል" ይላል። ልሳቅ ላልቅስ አላውቅም። ልጁ እኮ ምንም አልወሰደም! ከዛ ጥቂት ሳምንት እንደቆየ ደሞ እንደ ድሮው ሆነ ብላ "ዶክተሩ ዶዙን ከፍ ቢያደርግለት ምን ይመስልሻል" አለችኝ። ቀጠሯችን በሚቀጥለው ወር ነው።

እና እህቴ ይሄ ኤዲኤችዲ የሚሉት ነገር ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው? ልጄ በእውነት ችግር አለበት ወይስ ልጅ ስለሆነ ነው? እውነቱን ልናገር? አንዴ ከጀመረውስ ዕድሜ ልኩን ሊወስድ ነው? እባክሽ መላ በዪኝ።

ግራ የገባት እናት

መልሱ

እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል፣ አንዱን ግን ቀጠሮውን ሳትጠብቂ ነገ አድርጊው። ለዶክተሩ ቢሮ ደውይ ወይ በፖርታላቸው ጻፊና መድኃኒቱን አንድም ቀን እንዳልሰጠሽው አሳውቂ። እንዲህ አይነት መድኃኒት በትንሽ ዶዝ ተጀምሮ ቤትና ትምህርት ቤት "ምን ለውጥ አያችሁ" እየተባሉ ነው ቀስ እያለ ከፍ የሚለው። ዶክተሩ የመጀመሪያው ዶዝ አልሠራም ብሎ ካሰበ ይጨምራል፣ ከዛ አንድ ቀን ጨንቆሽ ልስጠው ብትዪ ሰውነቱ ጨርሶ የማያውቀውን ነገር ከፍ ካለው ዶዝ ሊጀምር ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው እንጂ ለአስተማሪዋ ያልሻት አይደለም። እሱማ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነው፣ ከአራት አቅጣጫ እየተጎተትሽ ነበር። ጠርሙሱንም ዛሬውኑ ከልብስ ስር አውጥተሽ ቁልፍ ያለው ቦታ አድርጊው፣ ሪታሊን መንግሥት በጥብቅ ከሚቆጣጠራቸው አነቃቂ መድኃኒቶች አንዱ ነው፣ እቤትሽ ደሞ ያገኘችውን ሁሉ አፏ የምትከት የ2 ዓመት ልጅ አለች።

ስለዛች ኢሜል ደሞ እናውራ፣ ያንቺን ሆድ የበላችው እሷ ስለሆነች። አስተማሪዋ የዋሸችሽ አይመስለኝም። መድኃኒት ጀምሯል ብላ ስታስብ ቀድሞ የሚያናድዳትን ነገር አለፈችው፣ አምስት ደቂቃ ሲቀመጥ "ጎበዝ" አለችው፣ ፊቷም ፈታ አለለት፣ የ6 ዓመት ልጅ ደሞ ሲወደድ ወዲያው ይገባዋል፣ ስለዚህ ያ ሳምንት በእውነትም የተሻለ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ሲፈተሽ ለግማሹ ሰው ባዶ ክኒን የሚሰጡት፣ ማን የቱን እንደወሰደም ውጤቱን ለሚመዘግበው ሰው የማይነግሩት ለዚህ ነው፣ የሰው ዓይን የጠበቀውን ያያል። ግን ተጠንቀቂ፣ ልጅሽ ክኒኑን ስላልወሰደው ኢሜሏ ክኒኑ ይሠራል ወይ አይሠራም የሚለውን ነገር አይመልስልሽም። የሚነግርሽ ስለ ፎርሙ ነው። ኤዲኤችዲ በደም ምርመራ ወይ በራጅ አይታይም፣ ሰዎች ልጁን አይተው በሚሞሉት ወረቀትና በሐኪሙ ጥያቄ ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ካየው፣ ያም ሰው የደከመው የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ከሆነ፣ ያንቺ ጥርጣሬ ተገቢ ቦታ ላይ ነው ያለው።

ሐኪሞቹ ራሳቸው የሚሠሩበት መመሪያ እንዲህ በሩብ ሰዓት እለፉት አይልም። በ2013 የወጣው ዲኤስኤም 5 የሚባለው የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሁለት ዝርዝር አለ፣ አንዱ ስለ ትኩረት ማጣት ሌላው ስለ መቅበጥበጥና መቸኮል፣ እያንዳንዳቸው 9 ምልክት አላቸው፣ ልጁ ከአንዱ ቢያንስ 6 ሊያሟላ ይገባል። ምልክቶቹ ከ12 ዓመቱ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ ለዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ የሆኑና ከአንድ በላይ ቦታ ላይ የሚታዩ መሆን አለባቸው፣ ማለትም ትምህርት ቤትም ቤትም። ኑሮውን ወይ ትምህርቱን የሚያውኩም መሆን አለባቸው። እንግዲህ አስተማሪዋ "በጣም ብዙ ጊዜ" እያለች ሞልታ አንቺ "በጭራሽ" እያልሽ ከሞላሽ ሁለቱ ወረቀት ስለ ሁለት ልጅ ነው የሚያወሩት። ዶክተሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያይ ኖሮ "እንዴ እናቱ ይሄን ለምን አላየችም?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው ነገሩ። ያንቺንም ፎርም አዲስ አምጪና ልጅቷ ስትተኛ፣ አስተርጓሚ ጠይቀሽ፣ ሳትደብቂ ሙይው። "በጭራሽ" ማለትሽ ለሱ ጥብቅና የቆምሽ መስሎሽ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን እንደዛ ሲሞላ ልጁን አይቶ የሚመሰክርለት ሰው አስተማሪዋ ብቻ ሆነች።

አሁን ደሞ ደብዳቤሽን ሳነብ ቀጥ ብዬ የቀረሁበት ቦታ አለ። ኦገስት የመጨረሻው ሳምንት ያልሽው። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ ኪንደርጋርተን የሚገባው እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ 5 ዓመት ከሞላው ነው። ልጅሽ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ቢወለድ ኖሮ ዘንድሮ ገና ኪንደርጋርተን ነበር። አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ዓመት ሊሞላ ምንም በማይቀረው ሊበልጠው ይችላል፣ በ6 ዓመት ላይ ደሞ አንድ ዓመት የዕድሜ አንድ ስድስተኛ ነው፣ ቀላል ነገር አይደለም። ይሄ የኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልሽ፣ በ2018 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ከ400 ሺህ በላይ ልጆች የኢንሹራንስ መዝገብ አይቶ ነበር። የትምህርት ቤት መግቢያ ዕድሜ መቁረጫው ቀን ሴፕቴምበር 1 በሆነባቸው ስቴቶች ኦገስት ከተወለዱት ከ10 ሺህ ልጆች 85ቱ ያህል ኤዲኤችዲ ተብለዋል፣ ሴፕቴምበር ከተወለዱት ግን 64ቱ ያህል ናቸው። ሲሶ ይበልጣል ማለት ነው። መቁረጫው ሌላ ቀን በሆነበት ቦታ ግን የኦገስትና የሴፕቴምበር ልጆች እንዲህ አይራራቁም። መቼም በኦገስት ወር ውስጥ የሚያሳምም ነገር የለም፣ ከክፍሉ ትንሹ መሆን ነው ነገሩ። ስለዚህ ዶክተሩን አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፣ "ልጄን ያወዳደራችሁት ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ነው ወይስ ከእኩዮቹ ጋር?" በይው። አስተማሪዋንም የልደት ቀኑን ታውቀው እንደሆነ በፍቅር ጠይቂያት፣ ብዙ አስተማሪ ልብ አይለውም።

እስቲ እኔም አንቺን ልጠይቅሽ። ማታ ስንት ሰዓት ነው የሚተኛው? አባቱ ለሥራ እስኪወጣ እየጠበቀ ያመሻል? ጠዋት አንቺ በጊዜ ስለምትወጪ ማን ጋ ነው የምታደርሺው፣ ስንት ሰዓትስ ይቀሰቀሳል? በሱ ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፣ እንቅልፍ ያነሰው ትልቅ ሰው ይፈዛል፣ ልጅ ግን ጭራሽ ይቀዠቀዣል፣ ስለዚህ ማንም እንቅልፍ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ያንኮራፋል? አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው? ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ሥጋ (አዴኖይድ) ወይ ቶንሲሉ አድጎ ሌሊት ትንፋሹን የሚያቋርጠው ልጅ ቀን ላይ ልክ ኤዲኤችዲ ያለበት ይመስላል። "ሲጠራ አይሰማም" ያሉሽንስ ጆሮውን አስመርምረሽ ታውቂያለሽ? ዓይኑንስ? ቤት በአማርኛ ስታዢው እንዴት ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲታዘዝ የጠፋበት ነገር ይኖር ይሆን? ይሄን ሁሉ ሐኪሙ ማጣራት አለበት፣ መመሪያውም ይለዋል፣ ካላነሳው አንቺ አንሺው። አንድ ነገር ብቻ፣ "ካርቱን ሲያይ እኮ ሁለት ሰዓት ፍንክች አይልም" ብለሽ አትደምድሚ፣ ሐበሻ ቤት ሁሉም ይሄን ይለኛል፣ ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅም የሚወደው ነገር ላይ ሲሆን ፍንክች አይልም። ይልቅ የማይወደውን፣ የሚሰለቸውን ነገር ሲሠራ እይው።

አሁን ደሞ ትንሽ ላከርርብሽ ነው፣ አትቀየሚኝ። ችኮላውን መጠርጠር አንድ ነገር ነው፣ "ፈረንጅ የፈጠረው በሽታ ነው" ብሎ መዝጋት ሌላ። ይሄ ነገር ትናንት ለመድኃኒት ገበያ ተብሎ የመጣ አይደለም፣ ቻርልስ ብራድሊ የሚባል ሐኪም ሮድ አይላንድ ውስጥ ማደሪያ ላይ ለነበሩ ሕፃናት አነቃቂ መድኃኒት ሰጥቶ ትምህርታቸው ላይ የመጣውን ለውጥ የጻፈው በ1937 ነው፣ ሪታሊንም አሜሪካ ገበያ ላይ ከዋለ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነው። በሌላ በኩል ደሞ የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት በሆነው በሲዲሲ ቁጥር በ2022 ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉ የአሜሪካ ልጆች 7 ሚሊዮን ያህሉ በሆነ ጊዜ ኤዲኤችዲ ተብለዋል፣ ከ9 ልጅ አንድ እንደማለት ነው፣ ወንዶቹ ደሞ ይበዛሉ። የ1994ቱን ዲኤስኤም 4 ያዘጋጀውን ቡድን የመራው አለን ፍራንሲስ ራሱ ምርመራው ከልክ በላይ ልቅ ሆኗል እያለ ሲጮህ ዓመታት አለፉት። እንግዲህ ጥርጣሬው የኛ የሐበሾች ብቻ አይደለም፣ የቤቱ ባለቤቶችም ይጨቃጨቁበታል። ሁለቱም እውነት ነው፣ ያለአግባብ የሚለጠፍባቸው ልጆች አሉ፣ በእውነት የሚቸገሩ ልጆችም አሉ፣ ያንቺ ልጅ ከየትኛው እንደሆነ ካንቺ ደብዳቤ ላይ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፣ ነግሬሽ ቢሆንም እንዳታምኚኝ።

ባለቤትሽ "እኔም እንደሱ ነበርኩ" ያለው ላይ ቆም በይ። እሱ ምንም አይደለም ለማለት ነው ያመጣው፣ ለሐኪም ግን ትልቅ መረጃ ነው፣ ኤዲኤችዲ በቤተሰብ የሚሄድ ነገር ስለሆነ። አለንጋው አስተካከለው ወይስ ዝም አሰኘው? ትምህርቱስ እንዴት ነበር? አሁንስ ቁልፍና ስልኩን ሲፈልግ ነው የሚውለው ወይስ ረጋ ብሏል? በክርክር መልክ አትጠይቂው፣ የልጅነቱን ያውራልሽ ዝም ብለሽ ስሚው።

መድኃኒቱን በተመለከተ የማውቀውን ልንገርሽ። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተሠራ ኤምቲኤ የሚባል ትልቅ ጥናት አለ፣ 579 ልጆች ነበሩበት፣ በ1999 ውጤቱ ሲወጣ በ14 ወር ውስጥ በጥንቃቄ የተሰጠ መድኃኒት መቅበጥበጡንና የትኩረቱን ችግር ከባሕርይ ሥልጠናው በተሻለ ቀንሷል። እነዛኑ ልጆች 3ኛው ዓመት ላይ ሲያዩዋቸው ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል፣ መድኃኒቱን ሲወስዱ በቆዩት ላይ ደሞ ቁመታቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር ጋር በሚቀራረብ መጠን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው ክኒኑ ዘንድሮ እንዲቀመጥ ሊረዳው ይችላል፣ የሚመጡትን ዓመታት ግን ክኒን ብቻውን አይሸከማቸውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የ2019 መመሪያም 6 ዓመት ላልሞላ ልጅ መጀመሪያ ለወላጅ የሚሰጥ ሥልጠና ነው የሚለው፣ ከ6 በላይ ሲሆን ደሞ መድኃኒት ከዛ ሥልጠናና ከክፍል ውስጥ እገዛ ጋር አብሮ። ልጅሽ ያንን መስመር ያለፈው በወራት ነው። "ሥልጠናውን ቀድመን ብንሞክርስ? የት ነው የሚሰጠው? ኢንሹራንሳችን ይሸፍነዋል?" ብሎ መጠየቅ ሐኪም ማስቀየም አይደለም፣ ቀጠሮው ላይ ይዘሽው የምትገቢው ጥያቄ ነው።

ሥልጠና ሲባል መጥፎ እናት ነሽ ማለት እንዳይመስልሽ ደሞ። ለምሳሌ ጠዋት እየቸኮልሽ "ጫማህን አድርግ፣ ቦርሳህን ያዝ፣ ጥርስህን ፋቅክ ወይ፣ ቶሎ በል ረፈደ" ትዪዋለሽ አይደል፣ ሁላችንም እንላለን። እንዲህ ያለ ልጅ የሚይዘው የመጨረሻዋን ብቻ ነው፣ ወይ አንዷንም አይዝም። ቁጭ ብለሽ ዓይኑን እያየሽ "ጫማ" ትዪዋለሽ፣ ሲያደርግ እዛው "ጎበዝ፣ ባንዴ ሰማኸኝ" ትዪዋለሽ፣ ከዛ "ቦርሳ"። ሲያጠፋ ከመጮህ ይልቅ ሲያለማ ቶሎ መያዝ ነው ነገሩ። ቀላል ይመስላል፣ ከሥራ ደክሞሽ ገብተሽ ግን ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ ነው የሚያሠለጥን ሰው የሚያስፈልገው፣ ባለቤትሽም አብሮሽ ቢገባ ጥሩ ነው፣ አንዱ እየገነባ አንዱ ካፈረሰው ልጁ ይጠፋበታል።

ጓደኛሽ ያስፈራራችሽን ተይው፣ እንቅልፍሽን መልሺ። ከ2004 ጀምሮ የልዩ ፍላጎት ትምህርቱ የፌዴራል ሕግ ላይ የትምህርት ቤት ሠራተኛ "ይሄን ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ካልወሰደ መማር አይችልም" ብሎ ማስገደድ እንደማይችል በግልጽ ተጽፏል። አስተማሪዋ ያየችውን ልትነግርሽ ትችላለች፣ ክኒን ልታዝልሽ ግን አትችልም፣ ዶዝ ይጨመር ማለቷም የሷ ሥራ አይደለም። እንደ እውነቱ ከሆነ ሰው ቤትሽ ድረስ የሚያመጣው ክኒን አለመስጠት ሳይሆን ያ አለንጋ ነው፣ ይሄን ለባለቤትሽ በደንብ አስረጂው። ይልቅ ሕጉን ለራስሽ ተጠቀሚበት። ለትምህርት ቤቱ ቀን ጽፈሽበት አጭር ደብዳቤ ስጪ፣ "ልጄ ሙሉ ምርመራ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ፣ የአማርኛ አስተርጓሚም እፈልጋለሁ" በይ፣ ኮፒውን አስቀሪ። ምርመራ ያስፈልገዋል ብለው ከተቀበሉት በነፃ ነው፣ እንቢ ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ሊሰጡሽ ይገባል። በቃል የተባለ ነገር ግን በቃል ይቀራል፣ አስተውዪ። ከዛም አይኢፒ ወይ 504 የሚባለው፣ ትምህርት ቤቱ ለልጁ የሚያደርገውን እገዛ በጽሑፍ የሚያስቀምጥ ዕቅድ ውስጥ ከገባ ከፊት መቀመጥ፣ በየመሃሉ ተነስቶ መንቀሳቀስ፣ ትእዛዝ አንድ ባንድ እንዲሰጠው ማድረግ ይቻላል፣ ያለ ምንም ክኒን።

ለአስተማሪዋም እውነቱን ንገሪያት፣ ለዶክተሩ ከነገርሽ በኋላ። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። "መድኃኒቱን እስካሁን አልጀመረም፣ ፈርቼ ነው ጀመረ ያልኩሽ። ያ ሳምንት ግን ጥሩ እንደነበር ጽፈሽልኛል፣ ያኔ ምን የተለየ ነገር እንዳደረግሽ ብትነግሪኝ ቤት እኔም እሞክረዋለሁ" ብትያት ይበቃል። መጀመሪያ ትደነግጣለች፣ ትንሽም ታፍራለች መሰለኝ። ጥሩ አስተማሪ ከሆነች ግን ያንን ጥያቄ ታስብበታለች፣ ያ ሳምንት ልጅሽ ያለ መድኃኒት የሆነ ነገር እንደሚችል ያየችበት ሳምንት ነው።

ባለቤትሽን ደሞ እሑድ ቀን አናግሪው፣ ሌሊት ነድቶ ሲገባ አይሆንም። ጠርሙሱን አንቺው ራስሽ አውጥተሽ አሳዪው፣ ራሱ ካገኘው ወሬው ስለ ልጁ መሆኑ ይቀርና ስለ መደበቅሽ ይሆናል። ይናደዳል፣ ይናደድ። "አልሰጠሁትም፣ ያላንተ አልሰጠውም፣ ግን ያለኔም እንቢ አትበል" ማለት ትችያለሽ። ከዛ አንድ ጥያቄ፣ "ምን ብታይ ነው እርዳታ ያስፈልገዋል የምትለው?" ብለሽ ጠይቂው፣ አንቺም ለራስሽ መልሺ። ቀጠሮው ላይም አብሮሽ ይምጣ፣ ፍርሃቱን በአንቺ አፍ ከሚልክ ራሱ ይጠይቅ። ዕፅ ያለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም እኮ፣ አላግባብ የሚወስዱትን ሰዎች ሱስ ሊያስይዝ ይችላል፣ ቁጥጥሩም ለዚህ ነው፣ በሐኪም ክትትል ልጅ የሚወስደው መጠን ግን እሱ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ነገር አይደለም። ይሄን ከሐኪሙ ይስማው። እናትሽን በሚመለከት ጸበሉን ለምን ትከለክያቸዋለሽ፣ ውሰጂው፣ ምርመራውን ግን አያስቀርም። ልጁ ፊት ብቻ "የሆነ ነገር ሰፍሮበት ነው" እንዳይባል፣ 6 ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉን ይሰማል።

ዕድሜ ልኩን ነው ወይ ላልሽኝ፣ አይደለም። አጭሩ የሪታሊን ዓይነት 4 ሰዓት ያህል ነው የሚሠራው፣ ረጅሞቹ ከ8 እስከ 12፣ የወሰደው ዕለት ሠርቶ ይወጣል። በሐኪም ምክር ክረምት ላይ የሚያቆሙ አሉ፣ ሞክረው አልሆነንም ብለው የተዉ አሉ፣ ለዓመታት የወሰዱም አሉ። አነቃቂ ያልሆኑም አሉ፣ አቶሞክሰቲን የሚባለው ከ2002 ጀምሮ አለ። ሪታሊን የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ሊያሳጣ ይችላል፣ ሆድና ራስ ምታትም ያመጣል፣ የልብ ምትና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ በሁለታችሁም ዘመድ ውስጥ የልብ ሕመም ያለበት ወይ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ሳትጠየቂ ተናገሪ። እንቅልፉ፣ ጆሮው፣ ዕድሜው፣ ፎርሙ ሁሉ ተጣርቶ፣ ሥልጠናውም ተሞክሮ አሁንም ችግሩ ካለና ሁለታችሁም እሺ ካላችሁ፣ በቅዳሜ መጀመር ይቻል እንደሆነ ዶክተሩን ጠይቂው፣ የመጀመሪያውን ቀን ውሎውንና አበላሉን በራሳችሁ ዓይን አይታችሁ ትጽፋላችሁ፣ ሰኞ አስተማሪዋ ከምትልሽ በፊት።